ሣር የሚታጨድበት ጊዜ

ተማሪዎች ሆይ፤ የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ በክረምትም ውሃ ይተኛበታል። ድርቆሹ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች ይሸጣል።

ሣር ለግላጋ ሳለ ወተት የሚሆነው ምግብ በቅጠሉ ሞልቷል። አብቦ ካፈራ በኋላ ግን ምግቡ ወደ ዘሩ ይሄዳል፤ ዘሩም ይረግፋል፤ አገዳውም ይጠነክራል። ክምሩ እንዲበዛለት ብሎ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሚያቆይ ሰው እንግዲህ ገለባ ይከምራል። ውሃው ሳይሸሽ፥ ዝናቡም ሳያባራ የቸኮለ ደግሞ ድርቆሹ ይሻግትበታል።

ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ አስቀድሞ ውሃውን በቦይ ያሸሻል፤ ሣሩ ማበብ ሲጀምር ሰማዩን አይቶ ያጭዳል፤ እያገላበጠ ያደርቃል። የክምር ዋጋ በቁመቱ አይታወቅም፤ በበጋው መጨረሻ ላሚቱ በምትሰጠው ወተት ነው እንጂ።