የሐኪም እጅና የቁጥር ምስክርነት



ቀዶ ሕክምና ከጥንት ጀምሮ የእጅ ሙያ ነው። የእጅ ሙያ እንደ መሆኑም ታካሚው ሲድን ሐኪሙ «እጀ መልካም» ተብሎ ይመሰገናል፤ ታካሚው ሲሞት ግን ጥፋቱ በአብዛኛው በበሽታው ላይ ይጣላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ልማድ በአንድ የሙያ ዘርፍ፣ ማለትም በሬክተም ካንሰር ቀዶ ሕክምና፣ እንዴት እንደ ተለወጠና ለውጡም ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሬክተም የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ሲሆን በጠባቡ የዳሌ አጥንት ቀለበት ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። በፊቱ የሽንት ፊኛና የመራቢያ አካላት፣ በኋላው የአከርካሪ አጥንት መጨረሻ፣ በግራና በቀኙም የሽንትንና የግብረ ሥጋን ተግባር የሚመሩ ነርቮች ይከቡታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ማይልስ በ1908 ሬክተሙን ከነፊንጢጣው ከላይም ከታችም ገብቶ የማውጣትን ዘዴ ካሳተሙ ወዲህ ዘዴያቸው ለብዙ አሥርተ ዓመታት መመሪያ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ካንሰሩ በብዙ ታካሚዎች ላይ እዚያው ዳሌ ውስጥ ያገረሽ ነበር። ያገረሸው ካንሰር ነርቭና አጥንት ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ ታካሚው ቀሪ ዘመኑን በማያባራ ሥቃይ እንዲያሳልፍ ያደርገዋል። ለዚህም ምክንያት ተደርጎ ይቆጠር የነበረው የበሽታው ክፉ ባሕርይ ነበር።

ይህን ግምት የተፈታተኑት በደቡብ እንግሊዝ፣ በባሲንግስቶክ ከተማ በሚገኝ የወረዳ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ቢል ሂልድ ናቸው። ሂልድ ትኩረታቸውን ያሳረፉት ሬክተምን በከበበው ስብ ላይ ነው። ይህ ሜዞሬክተም የሚባለው ስብ የደም ሥሮችንና ንፍፊቶችን አቅፎ፣ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ ከሬክተሙ ጋር እንደ አንድ ጥቅል ሆኖ የሚኖር ነው። በቀድሞው ልማድ ሐኪሙ እጁን ወደ ዳሌው አስገብቶ ሥጋውን በጣቶቹ እየፈለቀቀ ያላቅቅ ስለ ነበር፣ ጥቅሉ ይቀደድና ከፊሉ በታካሚው ውስጥ ይቀራል። ሂልድ ግን በጥቅሉና በዙሪያው ባለው አካል መካከል ደም የማይፈስበት ወሰን መኖሩን አስተውለው፣ ያንኑ ወሰን በዓይን እያዩ በስለት እንዲከተሉት አስተማሩ። በኋላም «ቅዱስ ወሰን» የሚል ስም አወጡለት።

በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ ከዕጢው የታችኛ ጠርዝ በብዙ ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ በሜዞሬክተሙ ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ የካንሰር ቅንጣቶች በአምስት ታካሚዎች ላይ መገኘታቸውን አመለከቱ። ሜዞሬክተማቸው በሙሉ ከወጣላቸው መካከልም ለመዳን ተስፋ ተጥሎባቸው ከሁለት ዓመት በላይ ክትትል የተደረገላቸው 50 ታካሚዎች ነበሩ፤ በዳሌው ውስጥ ካንሰሩ ያገረሸበት አንድ ስንኳ አልተገኘም። እንግዲህ የበሽታው ባሕርይ ይባል ከነበረው ነገር ብዙው ሐኪሙ ትቶት የወጣው ቅሪት ነበር ማለት ነው። ይህ ለሙያው መራራ እውነት ነበር።

ውጤቱ ያማረው ታካሚዎቹ ተመርጠው ነው ያሉ አልጠፉም። የሂልድም ቡድን ያሳተመው መልካሙን ብቻ አልነበረም። አንጀትን ወደ ታች ዝቅ አድርጎ መግጠም አደጋ አለው፤ መገጣጠሚያው ካፈሰሰ ሰገራ ወደ ዳሌው ይገባና ታካሚውን ለሞት ያሰጋዋል። በ1994 በቀረበው ዘገባቸው ከ219 ታካሚዎች በ11 በመቶው ላይ ከባድ መፍሰስ መድረሱንና ይኸውም መገጣጠሚያው እጅግ ዝቅ ባለባቸው ላይ መሆኑን በግልጽ አስፍረዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ብሂል የሚነገረው ለታካሚ ነው፤ ለሐኪምም እኩል ይሠራል።

ሁለተኛው እርምጃ የሐኪሙን ሥራ በሌላ ዓይን ማስመርመር ነበር። በ1986 በሊድስ ከተማ ፓቶሎጂስቱ ፊሊፕ ኩዊርክና ባልደረቦቻቸው ከ52 ታካሚዎች የወጣውን ሬክተም ዙሪያውን በስስ በስሱ እየቆረጡ ሲመረምሩ፣ በ14ቱ ላይ ካንሰሩ እስከ ጎን ጠርዝ መድረሱን አገኙ። ከእነዚህም በአብዛኞቹ በሽታው በኋላ አገረሸ። ከዚያ ወዲህ ከታካሚው የሚወጣው አካል የበሽታው ማስረጃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቀዶ ሐኪሙም የሥራ መለኪያ ሆነ።

ሦስተኛው እርምጃ ዕውቀቱን ከአንድ ሰው እጅ አውጥቶ የብዙዎች ማድረግ ነበር። ከ1994 ጀምሮ በስቶክሆልም ሂልድ የተገኙባቸው፣ ሐኪሞች እያዩ የሚማሩባቸው የቀዶ ሕክምና ጉባኤዎች ተካሄዱ። በ2000 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ቀደም ባሉት ጥናቶች 15 እና 14 በመቶ የነበረው የማገርሸት መጠን ወደ 6 በመቶ ወረደ፤ ፊንጢጣቸው ወጥቶ ዕድሜ ልካቸውን በሆዳቸው ላይ በተከፈተ መውጫ እንዲጸዳዱ የሚገደዱትም ከ55 በመቶ በላይ የነበሩት 27 በመቶ ሆኑ። ኖርዌይ ደግሞ በ1993 አገር አቀፍ መዝገብ አቋቁማ የእያንዳንዱን ሆስፒታል ውጤት ለራሱ ለሆስፒታሉ መመለስ ጀመረች። በዚያች አገር በ1994 ከታካሚዎቹ 78 በመቶው በአዲሱ ዘዴ ሲታከሙ፣ በ1997 ቁጥሩ 92 በመቶ ደርሷል።

ሥልጠና ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። በኔዘርላንድ በተካሄደው ታላቅ ጥናት ሐኪሞቹ በአሠልጣኝ ሥር የተለማመዱ ቢሆኑም፣ በ2002 የታተመ ምርመራ ከ180 ታካሚዎች በ24 በመቶው ላይ ሜዞሬክተሙ ሳይሟላ መውጣቱን ገልጧል። ይህም ሊታወቅ የቻለው የወጣው አካል «ሙሉ፣ ለሙሉ የቀረበ፣ ያልተሟላ» እየተባለ በሦስት ደረጃ ስለ ተመዘነ ነው። ያልተመዘነ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በደኅና እንደ ተሠራ ይቆጠር ነበር።

ተመሳሳይ ትምህርት ከሌላ አቅጣጫም ይገኛል። በ2009 የታተመውና የታንዛንያዋ ኢፋካራ የተካተተችበት የስምንት ከተሞች ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ድምፅ ከፍ ተደርጎ የሚነበበው የጥንቃቄ ዝርዝር ሞትን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ እንዳወረደ አስረድቷል። በ2014 በታተመ ጥናት ግን በካናዳ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎች ዝርዝሩን ሲጠቀሙ ጉልህ ለውጥ አልታየም። ወረቀቱን መሙላትና ነገሩን መፈጸም የተለያዩ ናቸውና።

በኢትዮጵያም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 የደኅንነቱን የጠበቀ ቀዶ ሕክምናን ለማስፋፋት አገር አቀፍ መርሐ ግብር ማውጣቱ ይታወሳል። መርሐ ግብሩ በየሆስፒታሉ ፍሬ የሚያፈራው፣ ከላይ የታዩት ሦስት ልማዶች ሥር ሲሰዱ ነው፤ እነርሱም መልካሙንም ክፉውንም መመዝገብ፣ የወጣውን አካል በሌላ ባለሙያ ማስመዘን፣ ታካሚውን ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም መከታተል ናቸው። ከእነዚህ ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ ታካሚ አንድ ጊዜ ከተሰናበተ ተመልሶ ላይገኝ ይችላልና። ቢሆንም መዝገብና እርሳስ፣ የታካሚው ቀበሌና የቅርብ ዘመዱ ስም ለመጀመሪያው እርምጃ በቂ ናቸው።

የባሲንግስቶኩ ሐኪም እጅ ብርቅ እንደ ነበር ያዩት ሁሉ ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ በስቶክሆልምና በኖርዌይ የዳኑት ታካሚዎች የዳኑት በእርሳቸው እጅ አይደለም። የዳኑት ስማቸው ባልተጠራ በብዙ ሐኪሞች እጅ ነው፤ እነዚያም ሥራቸው እንዲቆጠር ፈቃደኛ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው።