የፍሬን ቱቦ አፍ እንዴት ይሰፋል?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ከእርሳስ ትቀጥናለች። ነገር ግን ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ የወጣ መኪና፣ ከነሰዉ ከነጭነቱ ቁልቁለቱን ተመልሶ የሚወርደው እሷን አምኖ ነው። የፍሬን ቱቦ ትባላለች።

መምህር በፍሬን ነገር ምን አገባው? ትሉ ይሆናል። ያገባዋል እንጂ! ተማሪዎቼም ወላጆቻቸውም በመኪና ይሳፈራሉ። በዚያ ላይ ፍሬን ከራሱ እስከ እግሩ የሳይንስ ትምህርት ነው።

በክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጌ አሳያለሁ። መርፌ የሌላቸውን ሁለት አዲስ ስሪንጆች በቀጭን የላስቲክ ቱቦ አገናኝና ውኃ እሞላቸዋለሁ። አንዱን ስገፋ ሌላው ወዲያው ብቅ ይላል። ቀጥዬ ትንሽ አየር አስገባለሁ። አሁን ስገፋ ጣቴ ይሰምጣል፤ ማዶ ያለው ግን እንደ ቀድሞው አይታዘዝም። ለምን? አየር ይጨመቃል፤ ፈሳሽ ግን አይጨመቅም ማለት ይቻላል። ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዘመን ያስረዳው ነገር ይኸው ነው፤ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል።

አርዲቦ ሲሞላ ትርፉ ውኃ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል፤ ከፍታ ስላለው ይፈሳል። የፍሬን ዘይት ግን እንደዚያ ከቦታ ቦታ አይፈስም፤ የእግራችሁን ጉልበት ተቀብሎ ይገፋል እንጂ። ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ 2 ባር ተኩል ገደማ ከሆነ፣ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ አስቡት! ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ዘይቱ በእሷ ይወጣል።

ቱቦው ለምን ይበላሻል? ድንጋይ ከሥር ይመታዋል፤ ጭቃ ይለጠፍበትና እርጥበት ይዞ ያዝገዋል። በተበላሸ ጊዜ ታዲያ ሦስት ዓይነት መላ ይመጣል። አንዱ «በብየዳ እንድፈነው» ይላል። ሌላው «ላስቲክ አልብሰን በሽቦ እንሰረው» ይላል። ሦስተኛው ቱቦውን አጥፎ በመዶሻ ይደፍንና «በቀሩት ጎማዎች እንሄዳለን» ይላል። እነዚህ ሦስቱም የሰው ነፍስ የሚያስከፍሉ መላዎች ናቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በሀረጎ በኩል ስትወርዱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ። እዚያ ላይ የሽቦ እስር አያዋጣም።

ትክክለኛው መፍትሔ አዲስ ቱቦ ማስገባት ነው። ለዚህ ደግሞ የቱቦው ጫፍ እንደ ጡሩምባ መስፋት አለበት። የሰፋው አፍ በዳዶው ተገፍቶ መቀመጫው ላይ ሲጣበቅ ብረት ከብረት ይገጥማል፤ ዘይት አያሳልፍም። አንድ ጊዜ ብቻ የሰፋ አፍ ግን ስስ ነው፤ ዳዶው ሲጠብቅና መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለፍሬን ቱቦ አፉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ድርብ ይሆናል። ልክ ልብስ ሰፊ የጨርቁን ጠርዝ አጥፎ እንደሚሰፋው ማለት ነው።

መሣሪያው በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራን በመሳሰሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ይገኛል። ቱቦ መቁረጫ፣ ባለ ቀዳዳ መያዣ ብረት፣ ተጠምዛዥ ሾጣጣና ትንሽ ቁልፍ የምትመስል መግፊያ አለው። ቱቦ፣ ዳዶ፣ ሞርሳ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የገቡ ናቸው፤ ሥራው ግን የእኛው ነው። አሁን በቅደም ተከተል እንመልከት።

1ኛ. ቱቦው ለፍሬን ተብሎ የተሠራ ይሁን። በብዙ ትንንሽ መኪናዎች ውፍረቱ 4.75 ሚሊ ሜትር ነው። ብረት ወይም መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት ይሆናል። ተራ የመዳብ ቱቦ አይሆንም፤ በንቅጥቃጥ ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል።

2ኛ. በቱቦ መቁረጫ ቁረጡ። በየዙሩ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። በመጋዝ የተቆረጠ ጫፍ ብዙ ጊዜ ይንጋደዳል።

3ኛ. የጫፉን ሻካራ ከውስጥም ከውጭም በሞረድ አንሡ፤ ብናኙንም አውጡ።

4ኛ. አፉን ከማስፋታችሁ በፊት ዳዶውን በቱቦው ላይ አግቡ፤ አቅጣጫውንም ተመልከቱ። አፉ ከሰፋ በኋላ ዳዶው አይገባም።

5ኛ. ቱቦውን በመያዣው ቀዳዳ እሰሩ። ከመያዣው በላይ የሚተርፈው በመግፊያዋ የእርከን ቁመት ልክ ይሁን። አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ከተንሸራተተ ሥራው ከሸፈ።

6ኛ. የፍሬን ዘይት ጠብታ አድርጉ፤ የመግፊያዋን ቀጭን ጫፍ ቱቦው ውስጥ ከትታችሁ መያዣውን እስክትነካ ጠምዝዙ። ጫፉ እንደ እንጉዳይ ራስ ያብጣል።

7ኛ. መግፊያዋን አውጡና ሾጣጣውን ብቻ ጠምዝዙ። ያበጠው ወደ ውስጥ ታጥፎ ድርብ አፍ ይሆናል። ከመጠን በላይ ግን አትጫኑ።

8ኛ. በፀሐይ ብርሃን መርምሩት። ከተሰነጠቀ፣ ከተጣመመ፣ ወይም አንድ ጎኑ ከሰፋ ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ። ለብረቱ አትሳሱ። በቁርጥራጭ ቱቦ ላይ ተለማምዳችሁ ሦስት አፍ በተከታታይ ሳያምር መኪናው ላይ አትግቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እንደ ቶዮታና ኢሱዙ ባሉ የጃፓን መኪናዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ይህ ድርብ አፍ ነው። በብዙ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ ግን እንጉዳይ መሳዩ ቅርፅ ራሱ ነው መጨረሻው፤ የራሱም መሣሪያ አለው። መቀመጫቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገጥምም። ስለዚህ የወጣውን አሮጌ ቱቦ አትጣሉ፤ አፉን ከአዲሱ ጋር አስተያዩ።

መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ሳለ ከሥሩ አትግቡ። ቱቦው ከገባ በኋላ አየሩ መውጣት አለበት፤ የስሪንጁን ነገር አስታውሱ። በብዙ መኪናዎች ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፤ አንድ ሰው ይረግጣል፣ ሌላው መተንፈሻውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ሞተሩን አስነሡና ፔዳሉን ለሁለት ደቂቃ አጥብቃችሁ ርገጡ። ከሰመጠ አንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በደረቅ ወረቀት ጥረጉ፤ ወረቀቱ ከረጠበ መኪናው አይንቀሳቀስም። ደረቅ ከሆነም መጀመሪያ በሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት።

አሁን ወደ ንባቡ ልምጣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለብዙ ሰው ፊደል አስቆጥሯል። ፊደል የሚጠቅመው ታዲያ እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በፍሬን ዘይት ማስቀመጫው ክዳን ላይ «ዶት 3» ወይም «ዶት 4» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሕፈት አለ። አዲስ «ዶት 3» ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ «ዶት 4» እስከ 230። ይህ ዘይት ግን ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣ «ዶት 3» በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋም ይጨመቃል፤ እግር ይሰምጣል። የሞተር ዘይት ከጨመራችሁበትም ላስቲኮቹ አብጠው ይበላሻሉ። ዘይቱ መርዝ ስለሆነ በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «ለኔ ከባድ ነው» ካላችሁ፣ ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት ነውር አይደለም። ያኔም ቢሆን ማየት ታውቃላችሁ፦ «አፉ ድርብ ነው ወይ? አሳየኝ» በሉት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

በሉ እንግዲህ፣ የዛሬው የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ሹፌር የሆናችሁ ክዳኑን አንብቡ፤ ከሥርም አጎንብሳችሁ ቱቦውን ተመልከቱ። ተሳፋሪ የሆናችሁም ሹፌሩን በትሕትና ጠይቁት። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።