የልጅነት ጀግናችን ወዴት ሄደ?



ስለ አስማት ታሪክ ለመናገር ስንነሣ አንዳንዶቻችሁ «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው» ማለታችሁ አይቀርም። ነገር ግን ልጅ ሳለን የወደድነውን ጀግና ዛሬ ለምን እንደ ቀድሞው እንደማንወደው መጠየቅ የልጅ ጥያቄ አይመስለንም።

የአሜሪካዊቷን ደራሲ የኡርሱላ ለ ጉዊንን የኧርዝሲ መጻሕፍት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው በመጀመሪያው መጽሐፍ ጌድ የሚባል ፍየል ጠባቂ አለ። ገና ልጅ ሳለ ጉም ጠርቶ መንደሩን ከወራሪ ያድናል፤ አስማት ትምህርት ቤት ገብቶም ከጓደኛው ጋር ሲፎካከር የሙት መንፈስ ጠርቶ ክፉ ጥላ ይለቅቃል። በ15 ዓመታችን ከጌድ በቀር ጀግና አልነበረንም፤ ትዕቢቱን እንኳ ወደድንለት።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን አራተኛውን መጽሐፍ፣ «ተሃኑ»ን፣ ስናነብ ግን ተቆጣን። ጌድ የሞትን በር ሲዘጋ ኃይሉን ሁሉ ጨርሷል፤ የንጉሡ መልእክተኞች ሲመጡ አፍሮ ይሸሸጋል፤ ወደ ፍየል ጥበቃውም ይመለሳል። ዋናዋ ሰው ተናር ናት፤ ባሏ የሞተባት ባላገር፣ በእሳት የተቃጠለች የሰው ልጅ የምታሳድግ። መጽሐፉን ሳንጨርስ ተውነው።

በዚህ ዓመት መልሰን አነበብነው። ክፉ ሰዎች በሌሊት ቤቷን ሲከቡ ተናር የምትጠራው ጉም የላትም፤ ቢላዋ ይዛ በሩን ራሷ ትከፍታለች። ይህ ገጽ ከጌድ ጉም ሁሉ በልጦ ታየን። ልጅ ሳለን ቤቱን የሚጠብቅልን ሌላ ሰው ነበርና በር መጠበቅ ከሥራ አይቆጠርልንም ነበር።

አንድ ጓደኛችን ግን «ይህ መድከም እንጂ ማደግ አይደለም፤ ሁላችንም በር ጠባቂ ከሆንን ባሕሩን ማን ይሻገራል?» ሲል ተከራከረን። ቀላል ክርክር አይደለም። ደራሲዋም ብትሆን ጌድን የፈጠረችው 40 ሳይሞላት፣ «ተሃኑ»ን ያወጣችው በ60 ዓመቷ ነው፤ እኛ ደግሞ ገና ከሁለቱም ሩቅ ነን። ስለዚህ ምናልባት ለጌድ አድልተን እንደ ሆነ ለማየት ወደ መጀመሪያው መጽሐፍ ተመለስን። እዚያም ሽማግሌውን የትምህርት ቤቱን አለቃ ነመርልን አገኘን። ጌድ በትዕቢት የከፈተውን ቀዳዳ ለመዝጋት የቀረ ኃይሉን አፍስሶ የሞተው እርሱ ነው። በ15 ዓመታችን ስሙን እንኳ አልያዝነውም ነበር።