ተራራውን ወይስ ፍየሉን ማጠር? በደሴና በኮምቦልቻ ተዳፋት ላይ የአጥር ምርጫ



ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል በሐረጎ በኩል በሚወርደው ተዳፋት ላይ የገበሬው ማሳ፣ እንዲያገግም የተከለለው ተራራና የፍየሉ መሰማሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለሆነም አንዲት ፍየል አጥር ጥሳ በወጣች ቁጥር የምትገባው ከጎረቤት ማሽላ ወይም ገና ካቆጠቆጠ ችግኝ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚከተለው ካሣና ሽምግልና፣ አልፎም ቂም ነው።

ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰባት ረኀብ የሚዘነጋ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር እርከን ተሠራ፤ ችግኝ ተተከለ፤ ብዙ ተራራም ከእንስሳት ተከለለ። ይሁን እንጂ ክልሎቹ በአብዛኛው የተጠበቁት በዘበኛ እንጂ በአጥር አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላላ፤ በብዙ ስፍራም ዛፉ ተቆረጠ፤ ከብቱ ገባ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ተራራን ሁሉ በሽቦ ማጠር ከአገር አቅም በላይ ነው፤ ፍየልን ማጠር ግን ከጥቂት ጎረቤታሞች አቅም በላይ አይደለም።

ለዚህም አስቀድሞ የእንስሳዪቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ላም አጥርን በጉልበቷ ትገፋለች፤ ፍየል ግን ትመረምረዋለች። በኋላ እግሯ ቆማ ትደገፍበታለች፤ ከሥሩ ትሾልካለች፤ መወጣጫ ካገኘችም ትወጣበታለች። እንግዲህ የአጥር ብርታት የሚለካው በውፍረቱ ሳይሆን ቀዳዳና መወጣጫ በማሳጣቱ ነው።

በአካባቢው ከሚታወቁት የአጥር ዓይነቶች የመጀመሪያው የደረቅ እሾህ አጥር ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በየጊዜው ግራር ያስቆርጣል፤ ምስጥም ይበላዋል። ተራራውን ለማዳን ተብሎ ተራራውን ማራቆት ይሆናል። ሁለተኛው የድንጋይ ካብ ነው። ድንጋይ ሞልቷል፤ ሆኖም ሸካራ ካብ ለፍየል ደረጃ ስለሆነ በአናቱ ላይ ወደ ውስጥ ያዘነበለ እሾህ ካልተደረበበት አያግዳትም። ሦስተኛው ሕያው አጥር ነው። አጋምና ቀጋ ለጋ ሳሉ በፍየል ይበላሉ፤ ቁልቋልና ቅንጭብ ግን ወተታቸው ስለሚያቃጥል አትደፍራቸውም። ተካዩም ወተቱ ዓይኑን እንዳይነካው ሊጠነቀቅ ይገባል። እነዚህ ተክሎች ጥቅጥቅ እስኪሉ ዓመታት ስለሚፈጁ እስከዚያው ሌላ አጥር ያሻል። አራተኛው እሾሃማ ሽቦ ነው። ለከብት ይበጅ ይሆናል፤ ፍየል ግን በክሮቹ መካከል ትሾልካለች፤ ስትሾልክም ቆዳዋ ይቧጨራል። ቆዳ ወደ ፋብሪካ በሚላክበት አገር ጭረት ማለት የደረጃና የዋጋ መውደቅ ነው።

የተሻለው ምርጫ 120 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የተጠላለፈ ሽቦ ነው። በዚህም ቢሆን የቀዳዳው ስፋት ይወስናል። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ቀንዳሟን ፍየል ጭንቅላቷን ያስገባታል እንጂ አያስወጣትም፤ ስለዚህ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው ይመረጣል። የሽቦው ታችኛ ጠርዝ መሬቱን ተጠግቶ መወጠር አለበት። የማዕዘን ምሰሶ ከ80 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት ይተከላል፤ ደጋፊው እንጨት ግን ከአጥሩ ውጭ ይሁን። ከውስጥ በሰያፍ የቆመ ደጋፊ ለፍየል መሰላል ነውና።

በደጋማው ተዳፋት ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የአጥሩ መስመር ነው። ፍየሎቹ በላይኛው እርከን ላይ ሆነው አጥሩ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው እርከን ግርጌ ተጠግቶ ቢቆም፣ የ120 ሳንቲ ሜትሩ አጥር ለፍየሏ የ60 ብቻ ይሆናል። ባለቤቱ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ግማሽ አጥር ገዛ ማለት ነው። ስለዚህ አጥሩ በእርከኑ ጫፍ ላይ ይቁም፤ ወይም ከግርጌው በቂ ርቀት ይኑረው። ቦረቦር በሚያቋርጥበት ስፍራም ዋናውን ሽቦ አሳልፎ ማሰር አይገባም፤ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ከነምሰሶው ይነቅለዋል። በዚያ ቦታ ጎርፉ ሲመጣ የሚወዛወዝ፣ ቢሰበርም ዋናውን አጥር የማይጎትት የተንጠለጠለ የእንጨት መዝጊያ ይበቃል።

ወጪውን በተመለከተ ስሌቱ ራሱ ይናገራል። አራት ቤተ ሰቦች እያንዳንዳቸው 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ቦታ ለየብቻ ቢያጥሩ በድምሩ 800 ሜትር ሽቦ ያስፈልጋቸዋል። ያንኑ መሬት አጋጥመው አንድ ሄክታር አድርገው ቢያጥሩት ግን 400 ሜትር ይበቃቸዋል። ከስምምነት የሚገኘው ትርፍ የሽቦው እኩሌታ ነው።

በመጨረሻም የተራበች ፍየል የማትፈትነው አጥር የለም። በአጥሩ ውስጥ መኖና ውኃ ካልቀረበላት ከውጭ ያለውን ቅጠል እያየች ቀኑን ሙሉ ደካማውን ስፍራ ስትፈልግ ትውላለች፤ አንድ ቀንም ታገኘዋለች። ስለዚህ ከተከለለው ተራራ ሣር ታጭዶ ወደ አጥሩ ይምጣላት። ያን ጊዜ ተራራው ፍየሏን ይመግባታል፤ ገበሬውም ክልሉን የሚጠብቀው ዘበኛ ፈርቶ ሳይሆን የራሱን መኖ ብሎ ይሆናል።