ከምርጫው በፊት መድረኩ፦ ስለ ስንዱ ገብሩ ድርሰቶች
(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዕለት ሰኮሩ ላይ የቀረበ ንግግር)



የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት አልፎ፣ ምሳ በልቶ፣ አቦል ለጠጣ ሰው ስለ ሥነ ጽሑፍ ማውራት ድፍረት ነው። አዘጋጆቹ ግን ሰዓት ሰጥተውኛልና ልጠቀምበት።

ላነሳላችሁ የፈለግሁት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ነው። ስማቸው ሲጠራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» የሚለው ነው። ልክ ነው፤ ነገር ግን ይህ ማዕረግ ደራሲነታቸውን ሸፍኖታል ባይ ነኝ። የሸፈነው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ የፓርላማውን ወንበር ያለ ድርሰቶቻቸው መረዳት አንችልም።

በ1908 ዓ.ም. አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ውጭ አገር የተማሩ፣ ሴት ልጅን ለማስተማርም ያልሰሰቱ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም በስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣ። በጥቁር አንበሳ ዘመን በምዕራብ ኢትዮጵያ ከአርበኞቹ ጋር ነበሩ። የዚያ ዘመቻ መጨረሻ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ጅማን አልፋችሁ ወደ ከፋ ስትወርዱ የምታገኙት ጎጀብ ወንዝ ነው ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጃቸውን የሰጡበት። ስንዱም ተማርከው አዚናራ ደሴት ታሰሩ።

ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ፤ የጽሑፍ ሥራቸውም ዋናው እዚህ ላይ ነው። «ኮከብህ ያውና ያበራል ገና»፣ «የየካቲት ቀኖች» የመሳሰሉ ተውኔቶችን ጻፉ። ሁለተኛው ርዕስ ብቻውን ለዚያ ትውልድ የየካቲት 12ን እልቂት ለማስታወስ ይበቃ ነበር። «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. ታተመ።

አንዳንዱ «ታዲያ ልቦለድስ?» ይል ይሆናል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እኮ የአማርኛውን የመጀመሪያ ልቦለድ ሮም ላይ ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ግን ስማቸው የተተከለው በተውኔትና በግጥም ነው። ምክንያቱን ሳስበው እንዲህ ይመስለኛል፦ ልቦለድ የሚፈልገው ኩራዝ ለኩሳ ብቻዋን የምታነብ ሴት ነው። እንዲህ ያለችዋ ሴት በዚያን ጊዜ ስንት ነበረች? ተውኔት ግን ብዙ ልጃገረዶች ቃላቸውን አጥንተው፣ ቆመው፣ በሰው ፊት እንዲናገሩ ያስገድዳል። በከተማው ቴአትር የሴት ገጸ ባሕርይን ወንድ ልጅ ተሸፋፍኖ በሚጫወትበት ዘመን፣ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት መድረክ ላይ የምትናገረው ሴት ልጅ ናት። አርበኛውንም፣ ዳኛውንም ሆና ማለት ነው። የዘመኑ ተውኔት ሁሉ ምክርና የሀገር ፍቅር ይበዛዋል፤ የእርሳቸውም ከዚያ አይወጣም፤ የዛሬ ሐያሲ ሊሰለቸው ይችላል። ይሰልቸው። እኔ የምመለከተው ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ሲወጣ ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ፤ ስንዱ በ1950ው ምርጫ አዲስ አበባን ወክለው ገቡ። ያስተማረቻቸው ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በአገር አቀፍ ደረጃ ድምፅ የሰጠችው በ1963 ዓ.ም. ነው። ተማሪዋ አስተማሪዋን በ13 ዓመት ቀደመቻት! ብዙ አንኩራራ እንጂ፤ መብቱ ከዙፋን የወረደ ነው፣ ሴቶቻችን ሰልፍ ወጥተው ያመጡት አይደለም። ከላይ የወረደ መብት ደግሞ የሚጠቀምበት ሰው አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ወረቀት ላይ ይቀራል። ያ ዝግጅት በመነን መድረክ ላይ ተጀምሮ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወንበሩ ብቻውን እንደማይበቃም ወዲያው ታየ። እርሳቸው ምክር ቤት በገቡ በሁለት ዓመት፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው፤ ሚስትም እንድትታዘዘው ደነገገ። ይህ በፌዴራል ደረጃ የተሻረው በ1992 ዓ.ም.፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስሙ በተቋቋመበት ዓመት ነው። ኦሮሚያም ከዚያ በኋላ የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ሕጉ ተሻረ፤ ልማዱን ግን እዚሁ ሂዱና እዩት፦ ቡናውን የምትለቅመው፣ የምታሰጣው፣ ከዝናብ የምትሰበስበው እርሷ፤ ሲሸጥ ብሩን የሚቆጥረው እርሱ።

እኔ እዚህ ሰኮሩ መምህር ነኝ። ክፍል ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ ስትባል አፏን በሻሿ የምትሸፍን ተማሪ ነበረችኝ። በሚኒ ሚዲያ ክበብ በአፋን ኦሮሞ በተሠራ አጭር ድራማ የዳኛ ቦታ ሰጠናት። ሰልፍ ሜዳው ላይ ቆማ ስትፈርድ ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም። አሁን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ምናልባት አንዳንዶቻችሁ ታስተምሯት ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከመምህራኖቻችን፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ርዕስ አጣሁ ብሎ ቢሮአችሁ የሚመጣ ተማሪ ካለ፣ በእነዚህ ተውኔቶች ላይ እንዲሠራ ምሩት፤ አንዱ እንኳ ወደ አፋን ኦሮሞ ቢመለስ የእኛ ክበብ ሊጫወተው ዝግጁ ነው። ከእናንተ ከአዲስ አበባና ከውጭ ከመጣችሁት ደግሞ፦ በወላጆቻችሁ ሣጥን ውስጥ «የልቤ መጽሐፍ» ወይም የድሮ የትምህርት ቤት ድራማ ጽሑፍ ካለ፣ በስልካችሁም ቢሆን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱና ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ላኩ። እርሳቸው ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው፤ በመድረኩ ላይ የተጫወቱት ተማሪዎቻቸው ዛሬ አያቶችና ቅድመ አያቶች ናቸው። ቃላቸውን እስከ አሁን በቃላቸው የያዙ ካሉ፣ ሄዳችሁ በዚህ ክረምት ቅረጿቸው።