ፎቶግራፍ ማንሣትና ፎቶግራፍ መመለስ

(በፎቶግራፍ ክበብ የዓመቱ መክፈቻ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዓመቱን የጉዞ ዕቅድ እንዳቀርብ ኮሚቴው ባዘዘኝ ጊዜ የቦታዎቹን ስምና የመኪናውን ኪራይ በተርታ ጽፌ ለማንበብ አስቤ ነበር። ነገር ግን ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥ፣ አስቀድሜ ልናገረው የሚገባኝ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ። ዕቅዱም የተወለደው ከዚሁ ጥፋት ስለሆነ በእርሱ እጀምራለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር ወር ወደ መንዝ ሄጄ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ በቤታቸው ደጅ ዝተት ሲሠሩ አገኘሁ። የበጉን ጠጉር የፈተሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ እርሳቸው እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰድደው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራሉ። «አባቴ፣ ፎቶግራፍ ላነሣዎ ይፈቅዱልኛል?» አልኋቸው። «አንሣ ልጄ፤ አንዱን ግን ታመጣልኛለህ» አሉኝ። «አመጣለሁ» አልሁ። ቆሎና ጠላ ቀረበልኝ፤ የልቤን ያህል አነሣሁ። ተመልሼም ለጓደኞቼ አሳየሁ፤ ተመሰገንሁ። ከዚያ በኋላ ለሌላ ጉዞ ቦታ እንዲለቅልኝ ብዬ ከካሜራው ሚሞሪ ላይ ሁሉንም ደመሰስሁት። በኮምፒዩተር ያስቀመጥሁት መስሎኝ ነበር፤ አላስቀመጥሁም።

ባለፈው ዓመት በዚያው መንገድ ሳልፍ ሽማግሌው አላኮረፉኝም። መቀመጫም ሰጡኝ። ካሜራዬን ሳወጣ ግን መወርወሪያውን አስቀመጡና «ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን አምጣ» አሉኝ። ገንዘብ መፈለጋቸው አልነበረም። አንድ ልጃቸው አዲስ አበባ ይኖራል፤ የአያታቸውን ሥራ ለልጆቹ እንዲያሳያቸው ሊልኩለት ኖሯል። እውነቱን ለመናገር አፍሬ፣ «በሚቀጥለው» ብዬ ካሜራዬን ወደ ቦርሳው መለስሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ የእኔ ብቻ ነውር ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ። ነገር ግን እያንዳንዳችን ስልካችንን ከፍተን ብንመለከት፣ ያነሣናቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ሥዕላቸው በእጃቸው የገባ ግን ስንት ናቸው? የአገራችን መልክ ተነሥቶ መሄዱ የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፕቴን ሐሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ፣ በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። የሸዋን ተራራና ሰው ሥሎ ሄደ፤ ሥዕሎቹም እ.ኤ.አ. በ1852 ዓ.ም. በአውሮፓ በመጽሐፍ ታትመው ወጡ። መጽሐፉ የታሰበው ለአውሮፓ አንባቢ እንጂ ለአንኮበር ሰው አልነበረም። በርናትስን አልወቅሰውም፤ እርሱ እንግዳ ነበር። እኛ ግን የአገሩ ልጆች ነን።

በአንጻሩ ደግሞ በአፄ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጅያን የሚባሉ አርመናዊ በአዲስ አበባ ፎቶግራፍ ማንሣትን ሙያ አድርገው ይዘውት ነበር፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ተከትለዋል። ከዚያ ወዲህ በየከተማው በተከፈቱት ስቱዲዮዎች የነበረው ሕግ ቀላል ነው፤ የተነሣው ሰው ሥዕሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በወላጆቻችን ቤት ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተከድኖ የተሰቀለው ሥዕል የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ማንሣቱ ቀለለ፤ መስጠቱ ግን ተረሳ። ስለዚህ የዚህ ዓመት ዕቅዳችን መነሻ ሐሳብ፣ ያነሣነውን መመለስ የጉዞው ትርፍ ሳይሆን ግማሹ ነው የሚል ነው።

ከአባሎች መካከል አንዳንዶች፣ የክበቡ ገንዘብ በሙሉ ለአንድ ታላቅ ጉዞ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር ይዋል ብለው ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ እኔም ላሊበላን ለማየት እመኛለሁ። ነገር ግን ቤተ ጊዮርጊስን ዓለም ሁሉ አንሥቶታል፤ እኛ ብንጨምርበት ከሺህ አንድ ነው። የመንዝን የድንጋይ ቤት፣ የግሼን ገደል አፋፍ፣ የመርሐቤቴን አውድማ ማን አነሣው? ደግሞም ሩቅ የሄደ ሰው ለመመለስ አይችልም፤ የቅርቡን ግን ሁለት ጊዜ ሊሄዱበት ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ ጠይቆ መነሣት ልማዳችን ስለሆነ፣ አጭር ጉዞ ለልብም ያመቻል።

አሁን ወደ ዕቅዱ ልግባ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት አሥር ወሮች አሥር ጉዞዎች ይደረጋሉ። ስድስቱ የማንሣት፣ አራቱ የመመለስ ናቸው።

መስከረም በእግራችን ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦት አደይ አበባ በሚፈካበት ጊዜ፣ ከደብረ ብርሃን ሳንርቅ የበሬሳን ወንዝ ተከትለን እንወጣለን። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው፤ ብርሃንን ለሚማር ክበብ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

ጥቅምት የገበያ ነው። ውርጩ ሳይለቅ፣ ጋቢውን የተከናነበው ሰውና እስትንፋሱ የሚጤሰው ከብት በጧቱ ፀሐይ ሲታዩ እናነሣለን። እዚህ ላይ አዲስ አባሎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ካሜራው ነጩን ጋቢ አይቶ ብርሃኑን ሲቀንስ የሰውየው ፊት ይጠቁራል። መለኪያችሁ ፊቱ እንጂ ጋቢው አይሁን። በብርድም ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን በብብታችሁ ያዙ።

ኅዳር ወደ መርሐቤቴ ነው። ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው የታወቀው መንገድ ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ በለሚ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። ከደጋው አፋፍ እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ ቀን ከገብስ አገር ወደ ማሽላና ጤፍ አገር ይወረዳል። ዕቅዱም ይህንኑ መለዋወጥ በተከታታይ ሥዕል ማሳየት ነው።

ታኅሣሥ የመጀመሪያው የመመለሻ ወር ነው፤ የገበያውን ሥዕሎች ለባለቤቶቻቸው እናደርሳለን። ጥር የጥምቀት ነው። ካህናቱን አስቀድመን እናስፈቅዳለን፤ በታቦቱ መንገድ ላይ ማንም ከእኛ አይቆምም።

የካቲት ዋናው ጉዞ ነው፤ በጣርማ በር ታጥፈን ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ እንወጣለን። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ጅብራም በየመስኩ ቆሞ ይታያል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሰዉ ሥራ ነው። የአገሩ ሰው ከ17ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደ ቆየ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ በስምምነት ከፍቶ እያጨደ ጠብቆታል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጠለ። ስለዚህ ከጓሳ የቀበሮ ሥዕል ብቻ ይዞ የሚመለስ አባል ሥራውን ግማሽ ሠርቷል። ሣሩ ገመድ ሲሆን፣ የቤት ክዳን ሲሆን፣ የዝናብ ገሳ ሲሆን መታየት አለበት።

መጋቢት ለጥምቀቱና ለመርሐቤቴው ሥዕል መመለሻ ይሆናል። በሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን በላይ ስለምትቆም የሰው ዓይን በግንባሩ ጥላ ይሸፈናል። ስለዚህ በዚያ ወር ከደጅ ሥራ ዐርፈን በቅርብ ወዳሉት ፈታዮችና ሸማኔዎች ቤት እንገባለን። በበር በኩል የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ሰውዬውን ወደ በሩ አስጠግቶ በትዕግሥት ማንሣት ነው። ግንቦት ወደ መንዝ መመለሻ ነው። በሰኔ ለፈታዮቹና ለሸማኔዎቹ ሥዕላቸውን ካደረስን በኋላ በግቢያችን ኤግዚቢሽን እናሳያለን።

ሐምሌና ነሐሴ ጉዞ የለም። ነገር ግን በየቤታችን ስንበተን እያንዳንዱ አባል አንድ የክረምት ሥዕል ከገዛ ቤተሰቡ ያምጣ፤ ጭሱን፣ ጭቃውን፣ ጉሙን።

ስለ ሥርዓቱ ባጭሩ ልናገር። አንደኛ፣ ያለ ደብዳቤና ያለ ቀበሌው ፈቃድ አንነሣም፤ ወታደርና ኬላ አናነሣም፤ መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ጉዞው በከተማው ይተካል። ሁለተኛ፣ ከሁለት ሁለት ሰው ሆነን እንሠራለን፤ አንዱ ሲያነሣ ሌላው የተነሣውን ሰው ስምና መንደር በደብተር ይጽፋል። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሥዕሎቹ በሁለት ቦታ ሳይቀመጡ ከካሜራው ምንም አይደመሰስም። ይህ ሕግ ስለ እኔ የወጣ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የምጠይቀው ለሩቁ ጉዞ ከታሰበው ላይ አንድ ክፍል ለማተሚያ ወረቀትና ቀለም እንዲመደብ ነው። ምርጫው የእናንተ ነው። ጉባኤው ሩቁን ጉዞ ቢመርጥ እኔም ቦርሳዬን ይዤ እከተላለሁ፤ ነገር ግን እዚያ ለምናነሣው ሰው «እናመጣለን» ብለን ቃል አንግባ።

በየካቲት መንዝ ስንደርስ እኔ አስቀድሜ ወደ ሽማግሌው ደጅ እሄዳለሁ። «ያንን አምጣ» ያሉኝን ማምጣት አልችልም፤ የለም። ባለፈው ያልደፈርሁትን እውነት እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ እንዳነሣቸው ቢፈቅዱልኝ፣ በግንቦት ሥዕሉን በሁለት አሳትሜ እወስዳለሁ፤ አንዱ ለግድግዳቸው፣ አንዱ ለአዲስ አበባው ልጃቸው። ባይፈቅዱልኝ ደግሞ ቆሎውን በልቼ፣ አመስግኜ እመለሳለሁ፤ የሚፈርዱት እርሳቸው ናቸውና።