ጭቃ ላይ መቆለፍ፣ ደረቅ ላይ መፍታት
(በምሩቃን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከምረቃ በኋላ ምን ገጠመህ?» ሲሉኝ ስለ ትልቅ ፕሮጀክት የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ አንድ አሮጌ ሂሉክስ ዲፈረንሻል ነው። መካኒካል የተማርን ሁላችንም ፈተና ላይ ስለነዋል። እኔም ጥሩ ውጤት አግኝቼበት ነበር።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተበድረን ፒክአፕ ገዛን። ሥራችን ከሆሳዕና ጊምቢቹ፣ ከዚያም ወደ ሶሮ ገጠር ቀበሌዎች ጭነት ማድረስ ነበር። በጋውን ጥሩ ሠራን። ሐምሌ ሲገባ ግን ፎርዊል አስገብተንም ጭቃ ውስጥ ቀረን። አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ጠንካራ መሬት ላይ ቆመዋል። ገበሬዎች ከማሳቸው ወጥተው ገፉልን። አንድ አባት «አራቱም ይዞራል ብላችሁ አልነበር እንዴ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

መልሱ ደብተሬ ውስጥ ነበር። መታጠፊያ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ዲፈረንሻል ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ነገር ግን የሚሰጣቸው የመጠምዘዝ ኃይል እኩል ነው። ጭቃ ላይ ያለው ጎማ በ100 ኒውተን ሜትር የሚንሸራተት ከሆነ፣ ደረቁ ላይ ያለውም ከዚያ ብዙ የዘለለ አያገኝም። ነዳጅ ብትረግጡ የሚፈጥነው የሚንሸራተተው ብቻ ነው።

የክረምቱ ሥራ ከቆመ ብድሩን መክፈል አንችልም። ስለዚህ «የውስጡን ጥርሶች በይደን ሁለቱን ጎማ አንድ እናድርጋቸው» አልኩ። መኪናችንን የሚጠግኑልን አዛውንት መካኒክ «አይ ኢንጂነር! ይሄ መኪና እኮ መታጠፍም አለበት» አሉኝ። አልሰማኋቸውም፤ ሌላ ቦታ ወስጄ አስበየድኩት።

ጭቃውን እንደ ጉድ ወጣልን። ሦስት ሳምንት ኮራሁ። ከዚያ አንድ ደረቅ ቀን፣ ከነጭነቱ አስፋልት ላይ ስታጠፍ ጎማው ጮኸ፤ ወዲያው የኋላው አክስል ተሰበረ። ሦስት ሰዎች አሳፍሬ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራችሁም።

አንገቴን ደፍቼ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። አልሳቁብኝም። ተጨማሪ ተበድረን በአየር የሚሠራ መቆለፊያ ገዛን። ዘይቱን አፈሰስን፣ አክስሎቹን ስበን ዲፈረንሻሉን አወረድን። ኮሮናውን አዲሱ መቆለፊያ ላይ አሰርን፤ ለአየር ቱቦው ቀዳዳ በሳን፤ ኮምፕሬሰሩንና ማብሪያውን ገጠምን። ዋናው ሥራ በኮሮናውና በፒኞኑ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከጠበበ ይሞቃል፣ ከሰፋ ይጮሃል፣ ጥርስም ይበላል። ጋሼ በእጃቸው ወዘወዝ አድርገው «በቃ፣ ይሄ ነው» አሉ። እኔ ዳያል ጌጅ ተውሼ ለካሁት፤ 0.15 ሚሊ ሜትር። ለዚያ ዲፈረንሻል የሚፈቀደው ከ0.13 እስከ 0.18 ነው! ከዚያ ጥርሱን ቀለም ቀብተን አዞርነውና አሻራው መሃል ላይ ማረፉን አብረን አየን።

መቆለፊያ ለምታስገጥሙ ሦስት ነገር ልበል። ጭቃው ውስጥ ሳትገቡ በፊት፣ ቆማችሁ ወይም በዝግታ እየሄዳችሁ ቆልፉ፤ ጎማ እየተሽከረከረ አትቆልፉ። ጠንካራ መሬት ስትደርሱ ፍቱ። ወደ ጎን ባዘነበለ የሚያንሸራትት መንገድ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የተቆለፉ የኋላ ጎማዎች አብረው ከተንሸራተቱ መኪናው በጎኑ ወደ ገደሉ ይሄዳል። ሳይቆለፍ ግን አንደኛው ጎማ ብዙ ጊዜ መንገዱን ይዞ ይቆያል።

መምህራኖቻችን፣ ቀመሩን በደንብ አስተምራችሁናል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን አንድ ልመና አለኝ፦ ተማሪዎቻችሁ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ጊዜ በእጃቸው ይፍቱት፣ ይግጠሙት። ጋሼን የመሰለ ሰውም አንድ ቀን ጋብዙላቸው።

ለዚህ እንዲሆን የተበየደውን ዲፈረንሻልና የተሰበረውን አክስል ለወርክሾፓችን አምጥቻለሁ። ውጭ ፒክአፑ ላይ ነው። ከባድ ስለሆነ ሁለት ጎበዞች አብረውኝ ቢያወርዱልኝ ደስ ይለኛል።